ከእንጨት ተነስታ መዝገብ የሆነች ቃል፦ «ሎግ»

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን አንድ የመርከብ ምሕንድስና ተማሪ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ግራ ገባኝ» አለኝ። መዝገበ ቃላት ውስጥ «ሎግ» የሚለውን ቃል ሲፈልግ «ግንድ» የሚል አገኘ። መምህሩ «ሎግ ቡክ» ሲል ግን መዝገብ ማለቱ ነው። ስልኩ ደግሞ በየቀኑ «ሎግ ኢን አድርግ» ይለዋል። «ግንድና መዝገብ፣ መዝገብና ስልክ ምን አገናኛቸው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ጥያቄው ደስ አለኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በመርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ነው። በየሰዓቱ የምጽፍበት መዝገብ ለምን እንዲህ ተብሎ እንደሚጠራ ግን ለብዙ ዓመታት አላውቅም ነበር። መልሱን ለእሱ ብቻ ከምነግረው ለሁላችሁም ልጻፈው። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከእውነተኛ እንጨት ነው። የድሮ መርከበኛ ባሕር መሀል ሆኖ ምን ያህል እንደተጓዘ ማወቅ ይቸግረው ነበር። ምልክት የሚሆን ተራራ የለም፣ ዛፍ የለም። ዙሪያው ውሃ ነው። ስለዚህ እንጨት በገመድ አስሮ ከመርከቡ ኋላ ይጥላል። እንጨቱ ውሃው ላይ ባለበት ይቀራል፣ መርከቡ ይሄዳል፣ ገመዱ ይተረተራል። በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ስንት ገመድ እንደወጣ ካወቀ ፍጥነቱን አወቀ ማለት ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ቦርን በ1574 ባሳተመው የመርከበኞች መጽሐፍ ይህን ዘዴ ገልጾታል።

እያደር እንጨቱ የሩብ ክብ ቅርጽ ያለው ጠፍጣፋ ሰሌዳ ሆነ። ውሃው ውስጥ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ክብ ጠርዙ ላይ የእርሳስ ብረት ይደረግበታል። ገመዱ ላይ በየ14.4 ሜትሩ ቋጠሮ አለ። አንዱ መርከበኛ እንጨቱን ይጥላል። ሌላው የገመዱን ጥቅል ከፍ አድርጎ ይይዛል። ሦስተኛው በ28 ሰከንድ የምታልቅ የአሸዋ ሰዓት ይገለብጣል። አሸዋው ሲያልቅ ይጮኻል። ገመዱ ጥብቅ ተደርጎ ይያዛል፣ ያለፉት ቋጠሮዎች ይቆጠራሉ። ስድስት ቋጠሮ ካለፈ ፍጥነቱ ስድስት ነው። ቋጠሮ በእንግሊዝኛ «ኖት» ይባላል። ዛሬም የመርከብና የአውሮፕላን ፍጥነት በኖት የሚነገረው ከዚያ ገመድ የተነሳ ነው። አንድ ኖት ማለት በሰዓት አንድ ኖቲካል ማይል፣ ማለትም 1852 ሜትር ነው። እና እባካችሁ «በሰዓት 15 ኖት» አትበሉ። ሰዓቱ ቃሉ ውስጥ አለ። «15 ኖት» ይበቃል።

የተለካው ቁጥር መጻፍ ነበረበት። መጀመሪያ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጻፋል፣ ከዚያ ወደ መዝገብ ይገለበጣል። መዝገቡም በእንጨቱ ስም ተጠራ፤ ሎግ ቡክ ሆነ። ቆይቶ ነፋሱም፣ ማዕበሉም፣ የታመመው ሰውም፣ የተቀደደው ሸራም እዚያው ይሰፍሩ ጀመር። እኔ በአማርኛ «የውሎ መዝገብ» ብለው ደስ ይለኛል። የመርከቧን ውሎና አዳር የሚይዝ ነውና።

ሒሳብ ክፍል ውስጥ የምታውቁት «ሎግ» ግን ከዚህ ጋር ዝምድና የለውም። እሱ የሎጋሪዝም ማሳጠሪያ ነው፤ ምንጩም ግሪክኛ ነው።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልግባ።

ገና በልምምድ ላይ ሳለሁ፣ ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ሰዓት ተረኛ ነበርኩ። ወሩ ጥር ነው። መርከባችን በቀይ ባሕር ወደ ሰሜን፣ ወደ ስዊዝ እየሄደች ነበር። ሥራዬ በየሰዓቱ እየዞርኩ ቁጥር ማንበብ ነው። የዘይት ግፊት አለ፣ የማቀዝቀዣ ውሃ ሙቀት አለ፣ የየሲሊንደሩ ጭስ ሙቀት አለ፣ ከውጭ የሚገባው የባሕር ውሃ ሙቀት አለ። የባሕር ውሃው ቴርሞሜትር ታች፣ ከፓምፑ ጀርባ ነው። ተንበርክኮ በእጅ ባትሪ ማየት ይጠይቃል። እንቅልፍ ተጫጭኖኝ ነበር። የትናንቱን ገጽ ገለጥኩና 27 ዲግሪ የሚለውን ገለበጥኩ። በቀጣዩም ሰዓት 27። በሦስተኛውም 27።

10 ሰዓት ሲሆን ሁለተኛው መሐንዲስ ተራውን ሊረከብ ወረደ። መዝገቡን ከፍቶ ጣቱን ከላይ ወደ ታች አወረደ። ከእኔ በፊት የነበረው ተረኛ 26፣ 26፣ 25፣ 25 ብሎ ጽፏል። ጣቱ እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ወዴት ነው የምንሄደው?» አለኝ።

«ወደ ስዊዝ።»

«በጥር፣ ወደ ሰሜን። ታዲያ ያንተ ተራ ሲደርስ ባሕሩ ሞቀ?»

መልስ አልነበረኝም። ባትሪውን አቀበለኝ። ሄጄ ተንበርክኬ አየሁ፤ 25 ይላል። ተመልሼ 27ቱ ላይ አድምቄ 25 ልጽፍ ስል እጄን ያዘኝ። በእያንዳንዱ 27 ላይ አንድ ቀጭን መስመር አሰመረኝ፤ ከሥር ያለው እንዲነበብ። «አሁንስ 25 ልጻፍ?» አልኩት። «በ7 ሰዓት 25 ሲል አይተሃል?» አለኝ። አላየሁም። «እንግዲያው አልታየም ብለህ ጻፍና ፈርም።»

ሦስት ጊዜ «አልታየም» ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ፈረምኩ። ከዚያ በኋላ ከእነዚያ ሦስት መስመሮች በላይ ያስተማረኝ ትምህርት አልገጠመኝም። ስሕተት በመስመር ይሰረዛል እንጂ አይፋቅም፣ አይቀደድም። ያላያችሁት ቁጥር ቦታ ባዶ መሆኑን መናገር ያሳፍራል። ግን ባዶው ቦታ ማንንም አያሳስትም። የተፈጠረ ቁጥር ግን ያሳስታል። ሞተር ብዙ ጊዜ ድንገት አይሰበርም። የአንዱ ሲሊንደር ጭስ ሙቀት በዚህ ተራ በአምስት ዲግሪ፣ በሚቀጥለው በሌላ አምስት እያለ ይወጣል። ያን ቀስ ያለ ዳገት የሚያሳየን መዝገቡ ብቻ ነው። አንዱ ተረኛ መሀል ላይ የፈጠራ ቁጥር ከጣለበት ዳገቱ ይጠፋል።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እንላለን። እውነት ነው፤ ውሸቱም አብሮ ይወረሳል። ማቲው ሞሪ የሚባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ነበር። በ1839 በጋሪ አደጋ እግሩ ተጎዳና ባሕር ላይ መሥራት ቀረበት። ዋሽንግተን ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ የተከማቹ አሮጌ ሎግ ቡኮችን ማገላበጥ ጀመረ። ከእነሱ ለቅሞ በ1847 የነፋስና የባሕር ጅረት ካርታ አሳተመ። ካርታውን የተከተሉ መርከቦች መንገዳቸው አጠረ። በ2010 ደግሞ ፈቃደኛ ሰዎች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተጻፉ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሎግ ቡኮችን ገጽ በገጽ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ጀመሩ። የአየር ንብረት ተመራማሪዎች የዚያን ዘመን የሙቀትና የአየር ግፊት ቁጥር ይፈልጉ ስለነበር ነው። አስቡት፤ አንድ ወጣት መኮንን ጦርነት መሀል ሆኖ ባሮሜትሩን አንብቦ ጻፈ። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ አንድ የማያውቀው ሰው ቁጥሩን አምኖ ተቀበለው። የእኔ 27 እንዲህ ዓይነት ሰው እጅ ቢገባ ኖሮ ብዬ ሳስብ ዛሬም ይከብደኛል።

አንዳንዴ መዝገብ በስንፍና ሳይሆን ሆን ተብሎ ይዋሻል። መርከብ ዘይት ያለበትን ቆሻሻ ውሃ ምን እንዳደረገችው የምትጽፍበት የዘይት መዝገብ አላት። በ2013 ካሪቢያን ፕሪንሰስ በምትባል የመንገደኞች መርከብ ላይ አንድ አዲስ የተቀጠረ መሐንዲስ ቆሻሻውን በድብቅ ወደ ባሕር የሚያስወጣ ቧንቧ አየ። መርከቧ እንግሊዝ፣ ሳውዝሃምፕተን ስትደርስ ሥራውን ለቅቆ ለባለሥልጣናት አሳወቀ። ኩባንያው በ2016 ጥፋቱን አምኖ 40 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ልብ በሉ፣ ያ ልጅ አዲስ ነበር። ከላዩ ብዙ አለቃ ነበረበት። እናንተም ባሕር ዳር ሠልጥናችሁ የሰው አገር መርከብ ላይ ስትወጡ አዲስ ትሆናላችሁ። «ዝም ብለህ ፈርም» የሚላችሁ ሊኖር ይችላል። ያልሠራችሁትን፣ ያላያችሁትን አትፈርሙ።

የኮምፒውተር ልጆችም አብራችሁኝ ናችሁ። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 ሃርቫርድ ማርክ ሁለት የተባለው ግዙፍ ኮምፒውተር ውስጥ የእሳት እራት ተገኘች። ሠራተኞቹ እራቷን በማጣበቂያ ሎግ ቡካቸው ላይ ለጥፈው ከሥሯ ጻፉበት። ገጹ ዛሬም አሜሪካ ሙዚየም ውስጥ አለ። እንግዲህ ሲስተም ሲበላሽ «ሎጉን እየው» የምትባባሉት የመርከበኛ ቋንቋ እያወራችሁ ነው። «ሎግ ኢን» ማለትም መግባትህን መዝገቡ ላይ አስፍር እንደማለት ነው። «ብሎግ» ራሱ በ1997 «ዌብሎግ» ተብሎ የወጣ ስም ነበር፤ በኋላ አጠረ። የእናንተ ሎግ ራሱን በራሱ ይጽፋል፤ የእኛ ግን በእጅ ነበር። ቢሆንም «ይሄን መስመር አጥፋው፣ ማን ያያል» የሚል ሰው እናንተም ጋ አይጠፋም።

አንድ ነገር ለእኛ አገር ልጆች ብቻ። መርከብ ላይ ሰዓት የሚጻፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። እኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የምንለውን መዝገቡ 02:00 ይለዋል። እንቅልፍ ያለበት ሰው በልቡ «8 ሰዓት» እያለ እጁ 08:00 ሊጽፍ ይችላል። እኔ ላይ ደርሷል። ስለዚህ መርከብ ላይ ስትወጡ የእጅ ሰዓታችሁን በመርከቧ ሰዓት ሙሉ፤ ከመጻፋችሁ በፊት እሱን እዩ። የአገር ቤቱን ሰዓት እናታችሁ ጋ ስትደውሉ ታስቡታላችሁ።

የደወለልኝ ልጅ በቅርቡ ወደ መጀመሪያ መርከቡ ይሄዳል። መርካቶ ወርጄ ትንሽ የእጅ ባትሪ ገዝቼለታለሁ። ከፓምፕ ጀርባ የምትገባ፣ በጥርስ የምትያዝ ዓይነት ናት።