ከቅርጫቱ ሥር የሚጫወት ግን ቁመት ያነሰው ልጅ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ ቦታ የሚያገኘው በእግሩ ነው

እህቴ፣ ጥያቄዎን አነበብኩት። ልጅዎ ፍሬሽማን (የኮሌጅ አንደኛ ዓመት ተማሪ) ነው፣ ቁመቱ 6 ጫማ ከ7 ኢንች፣ ክብደቱ 205 ፓውንድ። ሜሪላንድ ሃይስኩል እያለ ሴንተር (ከቅርጫቱ ሥር የሚጫወተው ረጅሙ ልጅ) ነበር፤ አሁን ዲቪዥን ዋን (ከፍተኛው የኮሌጅ ደረጃ) ቡድን ገብቶ ልምምድ ላይ ወደ 7 ጫማ የሚጠጉ ልጆች ከቅርጫቱ ሥር እየገፉ ያስወጡታል። «ክብደት ይጨምር ወይስ ትምህርት ቤት ይቀይር?» ብለዋል። እንደሱ ከቅርጫቱ ሥር የሚጫወቱ ትልልቅ ልጆችን ማሰልጠን ሥራዬ ነው፤ «ደህና አድርጋችሁ መግቡት፣ ጂም ይግባ፣ ይወፍራል» የሚሉትን መልሶች ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

1ኛ. በጥድፊያ አያወፍሩት። ከሁሉም ውድ ዋጋ የሚያስከፍለው ስህተት ይኸ ነው። 25 ፓውንድ ቢጨምር ቁመቱ ላይ አንዲት ኢንች አይጨመርም። ያ ረጅም ልጅ የሌለው ነገር ግን የእርስዎ ልጅ ያለው ሁለት ነገር ነው፦ ወደ ጎን የሚፈጥን እግር፣ እና ወርዶ ወዲያው መልሶ የሚዘልበት ሁለተኛ ዝላይ። በአንድ ክረምት የተጫነ ክብደት አብዛኛው ጡንቻ ስላልሆነ መጀመሪያ የሚወስደው እነዚህን ሁለቱን ነው። ቀጥሎ ጉልበት ይመጣል። ከጉልበቱ ሎሚ በታች፣ ጅማቱ ላይ፣ መጀመሪያ ሰውነቱን ሲያሟሙቅ ብቻ የሚያም ነገር ይጀምረዋል፤ ሲሞቅ ይጠፋል፣ ልጁም ይደብቀዋል። ከዚያ ደረጃ ሲወርድ ያመዋል፣ ከዚያ በየዝላዩ። በዚህ ደረጃ የወቅቱ ግማሽ እንደ ቀልድ ያልፋል። ስለዚህ ገና በማሟሟቂያው ሲያመው ለቡድኑ የጤና ባለሙያ ይናገር።

ትክክለኛው ፍጥነት ከውድድር ውጪ በሳምንት ግማሽ ፓውንድ፣ ቢበዛ አንድ ፓውንድ ነው፤ ውድድር ሲጀመር ያለውን መጠበቅ ብቻ ይበቃል። ለዚህ ከተለመደው ምግቡ በላይ በቀን ከ300 እስከ 500 ካሎሪ፣ ፕሮቲን ደግሞ በቀን ከ150 እስከ 200 ግራም ያስፈልገዋል፤ በአራት ወይም በአምስት ጊዜ ተከፋፍሎ። በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት በባዶ ሆድ ይመዘን። በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ የሩጫ ሰዓቱና የዝላዩ ከፍታ ይለካ። ክብደቱ ወጥቶ ሰዓቱ ከከፋ ጭማሪው ይቁም፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

የሚጾም ከሆነ (እዚህ ያለን ብዙዎቻችን ልጆቻችን ይጾማሉ) ይህ በግልጽ መነገር አለበት። የነቢያት ጾም ከኅዳር አጋማሽ እስከ ገና የሚዘልቀው የውድድሩ የመጀመሪያ አጋማሽ ላይ ነው። ሁዳዴ ደግሞ ብዙ ጊዜ የኮንፈረንሱ (ቡድኑ ያለበት ምድብ) ውድድርና የመጋቢት ማድነስ (የኮሌጆች አገር አቀፍ ሻምፒዮና) ላይ ይወድቃል። መጾሙ ችግር የለውም፤ ችግሩ አሰልጣኙም የሥነ ምግብ ባለሙያዋም ሳያውቁ ልጁ በሰላጣና በፓስታ ሲከርም ነው። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ሽሮው፣ ቶፉው፣ የአኩሪ አተር ወተቱ፣ የለውዝ ቅቤው ሲጨመር ቁጥሩ ይሞላል፣ ግን ታቅዶ ነው። ከጠዋት ክብደት ማንሳት በኋላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱን ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገርበት። ፕሮቲን ዱቄት ከሱቅ ዝም ብላችሁ አትግዙለት፤ ኤንኤስኤፍ ሰርቲፋይድ ፎር ስፖርት (ለስፖርተኞች የተመረመረ) የሚል ምልክት ያለበትን ብቻ፣ እሱንም አስቀድሞ ለቡድኑ ባለሙያ አሳይቶ። የኮሌጅ ስፖርት የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ የመድኃኒት ምርመራ ያደርጋል፤ ጣሳው ላይ ያልተጻፈ ነገር ቢገኝበት ተጠያቂው ልጁ ነው።

2ኛ. «ሴንተር ነኝ» ማለቱን ይተው። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፦ ረጅሙን ልጅ አራት ዓመት ከቅርጫት ሥር ገትረው ኳስ እንዳያነጥር የሚከለክሉት አሰልጣኞች በጣም ያናድዱኛል። ሃይስኩሉ ዋንጫውን ይወስዳል፣ ልጁ ኮሌጅ ሲደርስ ከባዶ ይጀምራል። የኤንቢኤ ተጫዋቹ ድሬሞንድ ግሪን ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ለቦታው አጭርና ወፍራም ነው የተባለው፤ በ2008-09 ፍሬሽማን ሆኖ በጨዋታ ያገኘው 3.3 ነጥብና 3.3 ሪባውንድ (ከቅርጫቱ ስቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ) ነበር። ክብደቱን ቀነሰ፣ ማቀበልና ሁሉንም ቦታ መከላከል ተማረ፤ በ2012 የቢግ ቴን (ትምህርት ቤቱ ያለበት ኮንፈረንስ) ምርጥ ተጫዋች ተባለ፣ በ2017 ደግሞ የኤንቢኤ ምርጥ ተከላካይ ሆነ። እናንተ አካባቢ ያሉ አባቶች የድሮውን የኤንቢኤ ሴንተር ዌስ አንሰልድን ያውቁታል፤ እሱም 6 ጫማ ከ7 ነበር። በ1969 በመጀመሪያ ዓመቱ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ፣ በ1978 ዋሽንግተንን ሻምፒዮን አደረገ። የታወቀው በስክሪኑ (ቆሞ የጓደኛውን ተከላካይ መንገድ በመዝጋት) እና ሪባውንድ እንደያዘ ወደ ፊት በሚወረውረው ረጅም ኳስ ነው። አንሰልድ ከባድ ሰው እንደነበር አውቃለሁ፤ ዛሬ ግን ትልቁ ሰው ሦስት ነጥብ መስመር ድረስ ወጥቶ ፈጣን ጋርድ (ኳስ የሚያነጥር አጠር ያለ ተጫዋች) መከላከል ስላለበት ያ ክብደት አይመከርም።

3ኛ. መከላከል። ረጅሙ ልጅ ኳስ ከያዘ በኋላ የሚደረግ ነገር ጥቂት ነው፤ ሥራው ከመያዙ በፊት ነው። ኳሱ በክንፍ በኩል ሲሆን ልጅዎ ከኋላው አይቁም። በኳሱ በኩል ግማሽ አካሉን ያውጣ፦ የፊተኛው እግሩ ከሰውየው እግር ፊት፣ የፊተኛው እጁ ኳሱ በሚያልፍበት መስመር ላይ፣ ወገቡ ከሰውየው ወገብ በታች። ኳሱ ወደ ኮርነር (የሜዳው ጥግ) ሲሄድ ዞሮ ሙሉ በሙሉ ከሰውየው ፊት ይቁም። «በላዩ ቢወረውሩበትስ?» ይሉ ይሆናል። ኮሌጅ ውስጥ እንደ ኤንቢኤ የተከላካይ ሦስት ሰከንድ ሕግ (ማንንም ሳይከላከሉ ከቅርጫቱ ሥር ባለው ሳጥን መቆምን የሚከለክለው) የለም፤ ስለዚህ ከወዲያኛው በኩል ያለው ጓደኛው ሳጥኑ ውስጥ ቆሞ ሊጠብቅለት ይችላል። ይህን ጓደኛ በስሙ ጠርቶ፣ ጮክ ብሎ ማዘዝ አለበት። ፍሬሽማኖች የሚያፍሩት እዚህ ላይ ነው፣ አሰልጣኝ የሚያየውም ይህንኑ ነው።

ኳሱ ከገባ ደግሞ አይዝለል። ደረቱን ይስጥ፣ ሁለቱ እጆቹ ቀጥ ብለው ወደ ላይ ይቁሙ፣ ወደ ታች አይምታ። ኮሌጅ አምስት ፋውል (ጥፋት) የሠራ ከጨዋታው ይወጣል፤ ብዙ አሰልጣኞች በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለት ፋውል የያዘን ልጅ እስከ ዕረፍት ወንበር ላይ ያስቀምጡታል። የአጭር ትልቅ ልጅ ሁለቱ ፋውሎች አብዛኛውን ጊዜ አንዱ በማስመሰያ ተታሎ መዝለል፣ ሌላው ስክሪን ሲሠራ መንቀሳቀስ ናቸው።

ሪባውንድ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የመጫወቻ ደቂቃ የሚገዛው በሱ ነው። ኳስ ወደ ቅርጫቱ ሲወረወር ዓይኑ ኳሱን አይከተል። መጀመሪያ ሰውየውን በክንዱ ያግኘው፣ ከዚያ እግሩን አሻግሮ ይዙር፣ መቀመጫውን ከሰውየው ጉልበት ከፍ ብሎ ጭኑ ላይ ያሳርፍ፤ ዝቅ እንዳለ ሰውየውን ከቅርጫቱ ያርቀው። ሰው ከጭኑ ከተያዘ መዝለል አይችልም፤ 7 ጫማ ቢሆንም። ሪሙ (የቅርጫቱ ቀለበት) ሥር ሮጦ መግባት ትልቁ ስህተት ነው። ከሦስት ነጥብ መስመር፣ ማለትም ከ6.75 ሜትር የተወረወረ ኳስ ሲስት ርቆ ነው የሚነጥረው፤ ከኮርነር የተወረወረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ተቃራኒው ወገን ያልፋል። ስለዚህ ከሪሙ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ መስመሩን ይያዝ። በሁለት እጁ መያዝ ካልቻለ በጣቱ ወደ ጋርዱ ይንካው፤ የሱ ሰው ካልያዘ ሥራው ተሠርቷል። ኬኔት ፋሪድ የሚባል ተጫዋች በ6 ጫማ ከ8 ከትንሹ ሞርሄድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በ2011 የታዋቂውን የኤንቢኤ ተጫዋች የቲም ዳንካንን የኮሌጅ ሪባውንድ ቁጥር ያለፈው በማያቋርጥ እግርና በሁለተኛ ዝላይ ነው።

ማጥቃቱን በአጭሩ ልበል። ጀርባውን ለቅርጫቱ ሰጥቶ መግፋት ይቅር። ወደ ስክሪኑ እየሮጠ ይሂድ፣ ደርሶ ይቁም፣ እግሩን ከትከሻው ሰፋ ያድርግ፣ ጀርባው ኳስ የያዘው ልጅ ሊሄድበት ወደሚፈልገው ቦታ ይዙር። ሁለት ተከላካይ ኳሱን ሲከተል እሱ እስከ ቅርጫቱ አይንከባለል፤ የነጻ መወርወሪያ መስመር ላይ ይቁምና ይቀበል። እዚያ አራት ለሦስት ይሆናሉ፤ አንድ ጊዜ አንጥሮ ወይ ኮርነር ላለው ያቀብል፣ ወይ በላይ ለሚዘለው ይስጥ፣ ወይ ራሱ ይጨርስ። ይህን በየቀኑ ከጋርዱ ጋር ይለማመደው። ከኮርነር ሦስት ነጥብ ደግሞ በየቀኑ 100 ወርውሮ በደብተር ይጻፍ። ጨዋታ ላይ ከሦስት አንዱን ማስገባት ከሁለት ነጥብ ግማሹን ከማስገባት ጋር እኩል ነው፤ ግን ባዶ ጂም ውስጥ ከ100ው 60 ያህሉን የማያስገባ ልጅ ጨዋታ ላይ ከሦስት አንዱን ያገኛል ብዬ አላምንም።

ስለ ትምህርት ቤት መቀየር፦ አሁን አይሆንም። ፖርታል (ቡድን መቀየር የሚፈልጉ ተጫዋቾች የሚመዘገቡበት) ከገባ ትምህርት ቤቱ ስኮላርሺፑን ለቀጣዩ ተርም የማስቀጠል ግዴታ የለበትም፤ ያለ ቡድን የሚቀሩ ልጆች ብዙ ናቸው። በጥቅምት፣ ውድድሩ ሳይጀመር፣ ልጁ ራሱ አሰልጣኙ ቢሮ ገብቶ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ «አራት ቁጥር ነው የምታዩኝ ወይስ አምስት? ፒክ ኤንድ ሮል ላይ ሰው ልቀያየር ነው ወይስ ወደ ኋላ ልቅር? ዘንድሮ ልጫወት ነው ወይስ ሬድሸርት?» (አምስት ቁጥር ሴንተሩ ነው፣ አራት ቁጥር ከሱ ቀጥሎ ያለው ትልቅ ልጅ፤ ፒክ ኤንድ ሮል ኳስ ለያዘው ስክሪን ሠርቶ ወደ ቅርጫቱ መሄድ ነው፤ ሬድሸርት የመጫወቻ ዓመት እንዳይቆጠርበት ሳይወዳደር ልምምድ ብቻ ማድረግ ነው።) እርስዎ አይደውሉ፤ ስለ ጤናውና ስለ ትምህርቱ ይደውሉ፣ ስለ ደቂቃው ግን በፍጹም። የሬድሸርቱን ነገር አጥብቄ የምናገረው ለዚህ ነው፦ ለዓመታት ሲሠራበት በቆየው ደንብ ቅርጫት ኳስ ላይ በመደበኛ ውድድር አንዲት ደቂቃ መግባት አንድ ሙሉ ወቅት ያስቆጥራል። 30 ነጥብ በሚመሩበት ጨዋታ መጨረሻ ላይ «ግባ» ይሉትና ለዚያች ደቂቃ ዓመቱ ይበላል። ደንቡ በየጊዜው ስለሚነካካ ለኮምፕላያንስ ቢሮው (የትምህርት ቤቱ የስፖርት ደንብ ተቆጣጣሪ) በኢሜይል ይጻፍላቸው፣ መልሱንም በጽሑፍ ይያዝ። ቢዘገዩበት ደጋግሞ ይጻፍ፤ አንዳንዶቹ ቢሮዎች ካልጎተጎቷቸው አይመልሱም። መልሱ ግን ከመጀመሪያው የኅዳር ጨዋታ በፊት እጁ መግባት አለበት።