ማርሚታው ሲጮህ ማን ይሰማል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ስኩተር መንዳት ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ባለፈው ሳምንት ብቻ ሁለቴ ከሞት ተረፍኩ ማለት ይቻላል። አንዱ መኪና ከጎን መንገድ ብቅ ብሎ ገባብኝ። ሌላው ከፊት ለፊቴ እየመጣ ድንገት መንገዴን አቋርጦ ታጠፈ። አንድ ጓደኛዬ «ያንቺ ስኩተር እንደ ልብስ ስፌት መኪና ነው ድምጿ፣ ማን ይሰማሻል? ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ) ቀይሪና የሚጮህ አስገጥሚ፣ ያኔ ይጠነቀቁልሻል» ይለኛል። እውነት ያድነኛል? ወይስ ጎረቤት ከመረበሽ በቀር ጥቅም የለውም?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ተረፍሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ባንቺ ሳይሆን በራሴ። በሃያዎቹ ዕድሜዬ ይኼንኑ ምክር ሰምቼ የማርሚታዬን ሆድ ዕቃ አስወጥቼ ነበር። ውስጡ ድምፅ የሚያፍኑ ክፍልፋዮች አሉ፤ እነሱን አስቆርጬ ጣልኳቸው። ከዚያ በኋላማ መምጣቴን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ሦስት ሳምንት አልቆየሁም። ልክ እንዳንቺው፣ ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪና መንገዴን አቋርጦ ታጠፈ። ፍሬን ያዝኩ፣ የኋላ ጎማዬ ተንሸራተተ፣ ከነስኩተሬ በጎኔ ተዘረርኩ። ጉልበቴ ተላጠ፣ አንዱ ስፖኪዮ ተሰበረ። ሹፌሩ ደንግጦ እየሮጠ መጣ። «በእናቴ፣ አላየሁህም!» አለኝ። «እሺ አልሰማህም?» አልኩት። መስኮቱ ድፍን ተዘግቷል፣ ሬዲዮው ይዘፍናል። «ምኑን?» አለኝ።

ጥፋቱ የሱ ነው። እኔ ግን መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ጉልበቴን እያየሁ ያሰብኩት ሌላ ነገር ነበር። የማርሚታው አፍ ወደ ኋላ ነው። ድምፁ ዙሪያውን ይበተናል እንጂ ዋናውን የሚጠጣው ከኋላዬ ያለው ሰው ነው። እሱ ደግሞ ድሮም እያየኝ ነው።

አንቺን የገጠሙሽ ሁለቱም መኪኖች ከፊትሽ እንደነበሩ ልብ በይ። ይኼ አጋጣሚ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣ አንድ የታወቀ ጥናት የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሎስ አንጀለስ 900 የሞተር ሳይክል አደጋዎችን ቦታው ድረስ እየሄዱ መርምረዋል። ከአራት እጅ ሦስት እጅ በላይ የሚሆነው አደጋ የመጣው ከፊት ነው፤ ከቀጥታው ግራና ቀኝ 45 ዲግሪ ሳይወጣ። ሌላ ተሽከርካሪ በነበረበት አደጋ ደግሞ ከሦስቱ ሁለቱ ላይ ቅድሚያ የነፈገው ያኛው ሹፌር ነበር። ነጂው አደጋውን ለማምለጥ የነበረው ጊዜ በአብዛኛው ሁለት ሰከንድ አይሞላም።

ጓደኛሽ የማይነግርሽ ሌላም አለ። ማርሚታ የሚጮኸው ነዳጅ ስትሰጪ ነው። መስቀለኛ መንገድ ላይ ስትደርሺ ምን ታደርጊያለሽ? ነዳጅ መስጫውን ትለቂያለሽ፣ ፍሬን ትነካኪያለሽ። ልክ ያኔ፣ ድምፁ በሚያስፈልግሽ ሰዓት፣ ጸጥ ይላል። አልፈሽ ነዳጅ ስትሰጪ እንደገና ያገሳል። አደጋውን ካለፍሽ በኋላ ማለት ነው።

እሺ፣ ሹፌሩ ይሰማሻል እንበል። ሁለታችሁም በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ብትነዱ በየሰከንዱ ወደ 28 ሜትር ትቀራረባላችሁ። ድምፅ ደግሞ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ክፉኛ ይደክማል። በዚያ ላይ ሰው ድምፅ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ሁለቱ ጆሮዎቹ በሚሰሙት ጥቃቅን ልዩነት ነው። የተዘጋ መኪና ውስጥ ይኼ ልዩነት ይደባለቃል። ሹፌሩ «የሆነ ሞተር አለ» ይልና ስፖኪዮውን ያያል። አንቺ ግን ከፊቱ ነሽ።

ፍርዴ እንዳይዛባ የጓደኛሽን ድርሻም ልስጠው። ስልኩን እያየ መንገድ የሚሻገር እግረኛ ድምፅ ይረዳዋል። መኪኖች ተጨናንቀው መስኮት ከፍተው ሲያዘግሙም እንደዚያው። አውሮፓ ውስጥ እኮ ከሐምሌ 2019 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ሞዴሎች ቀስ ብለው ሲሄዱ ድምፅ እንዲያሰሙ በሕግ ተገደዋል። ግን በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የተጠየቀው ትንሹ መጠን 56 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ነው። ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው ሲጫወቱ ያህል። ያንቺዋ ልብስ ስፌት ይቺን ታክል የላትም?

የራስሽ ጆሮም አለ። 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት የሚታገሡት ጣሪያ ነው ይባላል። ሦስት በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 94 ላይ አንድ ሰዓት ብቻ ይቀርሻል። እኔ በራሴ ጩኸት የአምቡላንስ ድምፅ እንኳ የምሰማው ጎኔ ሲደርስ ነበር። (ደግሞ ስኩተሬ ዳገት ላይ ጉልበት አጣች። እኔ ፈጣን የሆነች መስሎኝ ነበር።)

እንግዲህ ገንዘብሽን ልብስ ላይ አውይው። ኒውዚላንድ ውስጥ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ጥናት ብርሃን የሚያንጸባርቅ ወይም ደማቅ ፍሎረሰንት ልብስ የለበሱ ሞተረኞች የመጎዳት ዕድላቸው በ37 በመቶ ዝቅ ያለ ሆኖ አግኝቶታል። ነጭ ሄልሜት ያደረጉት ከጥቁሩ በ24 በመቶ፣ የፊት መብራታቸውን በቀን የሚያበሩት በ27 በመቶ። ጥቁር ሄልሜት ያምራል፣ አውቃለሁ። እኔም ነበረኝ።

ክላክስሽን አትናቂው። እሱ የተገጠመው ወደ ፊት ነው፣ የሚጮኸውም ስትፈልጊ ነው። ሊታጠፍ የሚጠብቅ መኪና ስታዪ አውራ ጣትሽ እሱ ላይ፣ ሌሎቹ ጣቶችሽ ፍሬኑ ላይ ይሁኑ። የሹፌሩን ዓይን አትመኚ፤ አፍጥጦ እያየሽ ላያይሽ ይችላል። የፊት ጎማውን እዪ። ጎማ መዞር ሲጀምር ቀድሞ ይናገራል። ቀጥ ብለሽ ከመምጣትም በመንገድሽ ውስጥ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ በይ፤ ቀጥ ብሎ የሚመጣ መብራት ከሩቅ የቆመ ይመስላል፣ የሚንቀሳቀስ ግን ዓይን ይይዛል።

ጓደኛሽ አሁንም ካልተዋጠለት መኪና ውስጥ አስገቢው። መስኮቱን ይዝጋ፣ ሬዲዮውን ይክፈት፣ ዓይኑን ይጨፍን። ባዶ ሜዳ ላይ ማርሚታው የሚጮህ ሰው ከፊት ለፊቱ ቀስ ብሎ ይምጣለት። ሲሰማው እጁን ያውጣ፣ አንቺ ርቀቱን በእርምጃ ለኪ። ስንት እንደሆነ ጻፊልኝ።