መልስ፦ ለስኳር ታማሚ እናቴ ዓይን አስፕሪን ልስጣት?

ሰላም እህቴ። ድሬዳዋ ሳቢያን ያሉት እናትሽ ስኳር እንዳለባቸውና ሐኪም «የዓይን ደም ስራቸው ተለውጧል» እንዳላቸው ጽፈሻል። ጎረቤት ደግሞ «ደማቸው ወፍሯል፣ አስፕሪን ስጪያቸው» አለችሽ።

ጎረቤትሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም። ስኳር ሲቆይ ደም የሚያረጉ ነገሮች፣ እንደ ፋይብሪኖጅንና ፎን ዊልብራንድ ፋክተር ያሉት፣ ብዙ ጊዜ ከፍ ይላሉ። የረጋውን የሚያሟሟው ሥርዓት ደግሞ ይዳከማል። የዓይኑ ችግር ግን ከዚህ ብቻ አይመጣም። ዋናው ጉዳት የደም ስሩ ግድግዳ ላይ ነው። ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ግድግዳውን የሚደግፉትን ሴሎች ያጠፋል። ቀጫጭኖቹ ስሮች ያብጣሉ፣ ያፈስሳሉ፣ አንዳንዶቹም ይዘጋሉ። ደም ያጠረው ሬቲና፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን፣ አዲስ ስር ያበቅላል። አዲሱ ስር ስስ ስለሆነ ቶሎ ይደማል።

አስፕሪንን በተመለከተ፣ በ1991 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት በቀን 650 ሚሊግራም ሰጥቶ አይቷል። የዓይኑን በሽታ አላስቆመም፤ የዓይን መድማትንም አልጨመረም። ለልብ ታዞላቸው ከሆነ እንዳያቋርጡ። ለዓይን ብለሽ ግን በራስሽ አትጀምሪላቸው፤ ጨጓራ ሊያደማ ይችላል።

የሚጠቅማቸው ስኳርና ግፊትን መቆጣጠር፣ ቀጠሮም አለማሳለፍ ነው። ካስፈለገ ሌዘር ወይም የዓይን መርፌ አለ። ለምርመራ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ሲደረግላቸው ለሰዓታት ይደበዝዝባቸዋል፤ የድሬን ፀሐይ ደግሞ ታውቂዋለሽ። ጥቁር መነጽር ያዢላቸው፣ ብቻቸውን ባጃጅ ላይ አታሳፍሪያቸው። ድንገት ጥቁር ነጠብጣብ ወይም መጋረጃ የመሰለ ነገር ከታያቸው ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ውሰጂያቸው።