አዲስ ቢላ በጣና ዳር፦ ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር ያለ አንድ ብረት ቀጥቃጭ በትእዛዝ የሠራልኝን ቢላ ይዤ ሰሞኑን ጣና ዳር እንጨት ስሠራበት ከርሜያለሁ። ለሽንኩርትና ለሥጋ የታሰበ አይደለም። ደጅ ተቀምጦ እንጨት ለመላግ፣ ካስማ ለመቅረጽ፣ ማማሰያ ለመሥራት የሚሆን ነው። እንዴት እንደፈተንኩት ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ ጥያቄዎቹን ሰብስቤ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መጀመሪያ ቢላውን ያስተዋውቁን። ከምን ተሠራ? ስንት ሴንቲ ነው?

መልስ፦ ብረቱ የመኪና ባሌስትራ ነው። ስለቱ 10 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ጀርባው 4 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። ብረቱ እጀታው ውስጥ ገብቶ መሃል ላይ አይቀርም፤ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። ግራና ቀኝ ወይራ ተለብጦበት በናስ ሪቬት ተያይዟል።

ለእንጨት ሥራ ከ9 እስከ 11 ሴንቲ ይበቃል። ከዚያ ሲረዝም ጫፉን መቆጣጠር ያስቸግራል። ለትልቁ ሥራ መጥረቢያ አለ።

ጥያቄ፦ ባሌስትራ እውነት ጥሩ ብረት ነው ወይስ በቀላሉ ስለሚገኝ ነው?

መልስ፦ ሁለቱም ነው። ብዙው ባሌስትራ 0.6 በመቶ አካባቢ ካርቦን አለው። አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ክሮሚየምም ይጨመርበታል። ስለት ለመያዝም፣ ሲመታ ላለመሰበርም የሚያበቃ ነው። ለዓመታት ጭነት ሲሸከም የኖረ ባሌስትራ ግን በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። በተለይ ተሰብሮ ከተጣለ፣ ከስብራቱ አጠገብ ያለውን ቁራጭ ለቢላ አታሠሩት።

ዋናው ነገር እሳቱ ነው። ብረቱ ማግኔት መሳብ እስኪያቆም ይግላል፤ ይህ የሚሆነው 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። ትንሽ ከዚያ አልፎ ሞቅ ያለ ዘይት ውስጥ ይነከራል። ይህን ብረት ውሃ ውስጥ መንከር የመሰንጠቅ አደጋ አለው። ከዘይት ሲወጣ በጣም ጠንካራ ነው፣ ግን ድንጋይ ላይ ቢወድቅ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ እንደገና ወደ 200 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል፣ አንድ ሁለት ሰዓት ይቆያል። የተወለወለው ፊቱ የገለባ ቀለም ሲይዝ ደርሷል። ሙቀቱ አልፎ ሰማያዊ ከሆነ ለመኪና እንጂ ለስለት አይሆንም፤ ለስልሷል።

ስታሠሩ ቀጥቃጩን ሁለት ነገር ጠይቁት። በምን ነከርከው? ከነከርከው በኋላ መልሰህ አሞቅኸው? ሥራውን የሚያውቅ ሰው ጥያቄው ደስ ይለዋል፤ ቁጭ አድርጎ ያስረዳችኋል።

ጥያቄ፦ መጠንከሩን ቤት ውስጥ እንዴት አውቃለሁ?

መልስ፦ በሞረድ። እጀታው አጠገብ ያለውን የስለቱን ጥግ በአዲስ ሞረድ ቀስ ብለህ ግፋው። ከተንሸራተተ ጠንክሯል። ከነከሰው ለስላሳ ነው። መሃል ስለቱ ላይ ግን አትሞክረው።

ጥያቄ፦ ፈተናውን በምን ቅደም ተከተል ነው የምትሠራው? እኔ እንዳገኘሁ ነው የምቆርጠው።

መልስ፦ ቅደም ተከተሉ ፈተናው ራሱ ነው ማለት ይቻላል። ከለስላሳ ወደ ጠንካራ፣ ከቀላል ሥራ ወደ ከባድ። ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ ቆም ብሎ ስለቱን ማየት ግድ ነው። እንዳገኘህ ከቆረጥክበት ስለቱ ሲበላሽ ምን እንዳበላሸው አታውቅም።

እኔ በደንገል (ታንኳ የሚሠራበት የሐይቅ ዳር ተክል) ጀመርኩ። የታንኳ ሠሪዎች ነዶ ከታሰረበት የወዳደቀ ቁራጭ ጣና ዳር አይጠፋም። ደንገል ውስጡ ነጭና እንደ ስፖንጅ የላላ ነው። ስለት በሌለው ቢላ ስትቆርጠው ይጨፈለቃል፣ ጠርዙ ይቦጫጨቃል። ስል ከሆነ ሦስት ማዕዘን ግንዱ ቅርጹን እንደያዘ፣ ልሙጥ ሆኖ ይለያል። ወረቀት ከመቁረጥ ይልቅ ይህን አምናለሁ።

ቀጥሎ ብሳና። ለስላሳ ስለሆነ ካስማ ማሹል፣ ጎድጎድ ማውጣት ይቀላል። እዚህ ላይ የሚታየው የብረቱ ጥራት አይደለም፤ የቢላው ቅርጽ ነው። ወፍራም ቢላ ብሳናንም ቢሆን ከመቁረጥ ይልቅ ይሰነጥቀዋል።

ከዚያ ዋንዛ። ይህ ደስ የሚል ክፍል ነው። ደረቅ የዋንዛ ቅርንጫፍ ይዘህ፣ ቢላውን ወደ እንጨቱ በትንሹ አስተኝተህ፣ ከላይ ወደ ታች ትልጋለህ። ፍቅፋቂውን ግን አትቆርጠውም፤ ጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እየደጋገምክ ስትወርድ ብዙ ስስ ጥቅልል ይሰበሰባል፤ ለእሳት ማቀጣጠያም ይሆናል። ፍቅፋቂው ከዳር እስከ ዳር እኩል ስስ ከሆነ ስለቱ ጤነኛ ነው። መሃሉ ላይ መስመር ከተሰመረበት ስለቱ እዚያ ቦታ ተሸርፏል። በየመሃሉ እየተቆረጠ ከወደቀ ደግሞ ወይ ስለቱ ዶልዱሟል፣ ወይ እጅህ አልለመደም።

ከዚያ ደረቅ ቀይ ባሕር ዛፍ፣ በመጨረሻ ወይራ። የባሕር ዛፉ እንጨት ክሮቹ የተጠላለፉ ናቸው፣ ጉጡ ደግሞ አያድርስ። የእኔ ቢላ እስከዚያ ድረስ ምንም አልሆነም ነበር። ጉጡ ላይ ግን ስለቱ አንድ ቦታ ላይ በትንሹ ታጠፈ። ፀሐይ ወደ ጀርባዬ አድርጌ ስለቱን ወደ ላይ ሳዞረው ጤፍ የምታክል ነጥብ አበራች። ስል የሆነ ስለት ብርሃን አይመልስም፤ የሚያበራ ነጥብ ካለ እዚያ ዶልዱሟል ወይም ታጥፏል። ጥፍር ላይ ቀስ አድርገህ ስታስኬደውም ይሰማሃል።

ጥያቄ፦ ታጠፈ ማለት ብረቱ መጥፎ ነው ማለት አይደል?

መልስ፦ አይደለም፤ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቢላ ሦስት ነገር ነው፤ ብረቱና እሳቱ፣ የስለቱ ቅርጽ፣ እጀታው። ለየብቻ ነው የሚዳኙት። ቢላ ሲያስቸግር ሁሉም ብረቱን ይወቅሳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የቅርጹ ነው።

ከተሸረፈ፣ ማለትም ቁራሽ ከወደቀለት፣ ብረቱ ከልክ በላይ ጠንክሯል ወይ ስለቱ በጣም ሳስቷል። ከታጠፈ ደግሞ ለስልሷል ወይ በጣም ሳስቷል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚቀለውን ሞክር፤ ስለቱን ትንሽ አወፍረው። የእኔው የስለት ማዕዘን በአንድ ጎን ወደ 12 ዲግሪ ነበር። ለለስላሳ እንጨት ግሩም ነው። የስለቱን ጠርዝ ብቻ ወደ 15 ዲግሪ አድርጌ ሳልኩት። ያው ባሕር ዛፍ፣ ያው ጉጥ ላይ መለስኩት። አልታጠፈም። ብረቱን ወቅሼ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ቢላ ጥዬ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። አዲስ ቢላ ላይ የመጀመሪያው ስለት ከሁሉ ደካማው ሊሆን ይችላል። በግራይንደር ሲሳል ስሱ ጠርዝ ግሎ ይለሰልሳል። ሁለት ሦስቴ በድንጋይ ሲሳል ያ ክፍል ያልቅና ጤነኛው ብረት ይወጣል። ከዚያ በፊት አትፍረዱበት።

ጥያቄ፦ አባቴ “ጥሩ ቢላ ሚስማር ይቆርጣል” ይሉ ነበር። ሞከርከው?

መልስ፦ አልሞከርኩትም፤ አንተም አትሞክረው። ሚስማር እንዲቆርጥ የተሠራ ስለት ወፍራም ነው። ወፍራም ስለት ዋንዛ አይልግም። ቢላውን በምትሠራበት ሥራ ፈትነው።

ጥያቄ፦ ጀርባውን በዱላ እየመቱ እንጨት መፍለጥስ? ቢላ ይሰብራል ይባላል።

መልስ፦ በልኩ ከሆነ አይሰብርም። እንጨቱ ከስለቱ ርዝመት የቀጠነ ይሁን፤ የቢላው ጫፍ በወዲያኛው በኩል ወጥቶ እንድትመታው። ጉጥ የሌለበትን ምረጥ። መምቻው እንጨት ይሁን፤ መዶሻ ወይም ድንጋይ አይሆንም። ቢላው ከተቀረቀረ እጀታውን ግራና ቀኝ አታወዛውዝ፤ ከእንጨቱ ራስ ላይ በእንጨት ሽብልቅ ክፈተው። ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ የማይዘልቅ ቢላ ካለህ ግን ይህን ሥራ ተወው።

ጥያቄ፦ እንጨቱን ከየት አመጣኸው? ዘጌ ደን ገብተህ ነው?

መልስ፦ በጭራሽ። የዘጌ ደን ቡናውም ገዳማቱም ያለበት ነው፤ ለቢላ ፈተና ቅጠል አይቀነጠስበትም። ጣናና ዙሪያው ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል (ተፈጥሮው ከነዋሪው ጋር አብሮ የሚጠበቅበት አካባቢ) ነው። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶን ደግሞ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ስማቸውን ጠርቶ ጠብቋቸው ነበር። እኔ የምጠቀመው ንፋስ የጣለውን ቅርንጫፍና ከእንጨት ሥራ ቤት የተረፈ ቁራጭ ነው። ባሕር ዛፍ ከሆነ ከባለቤቱ ይገዛል። ለመፈተን የክንድ ርዝመት ያለው እንጨት ይበቃል።

ጥያቄ፦ ትንሽ ከሠራሁ በኋላ እጄ ውኃ ይቋጥራል። ቢላው ነው ወይስ እኔ?

መልስ፦ እህቴ፣ አብዛኛውን ጊዜ እጀታው ነው። ስለት በደቂቃ ይፈተናል፤ እጀታ ግን ጊዜ ይፈልጋል። አንድ ማማሰያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሥሪና መዳፍሽን ተመልከቺ። የቀላው ቦታ ላይ እጀታው ማዕዘን አለው። የእኔው ሌባ ጣቴ ሥር ሹል ጠርዝ ነበረው። ከሰል ቀብቼ ያዝኩት፤ መዳፌ ላይ የታተመበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ አለዘብኩት። እጅሽ ትንሽ ከሆነ ውፍረቱን ከማሳነስ በፊት ጎኖቹን ሞላላ አድርጊ። ክብ እጀታ እጅ ውስጥ ይዞራል፣ በተለይ ሲረጥብ።

ጥያቄ፦ የጣና እርጥበት እንዲህ ያለ ብረት አይበላም?

መልስ፦ ይበላል። በክረምት አንድ ሌሊት ይበቃዋል። የሎሚ ወይም የኮምጣጤ ውኃ ቀብተህ ብትተወው ግራጫ ሽፋን ያወጣል፤ ዝገቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ከሥራ በኋላ አድርቀህ ንጹሕ የጧፍ ሰም በስሱ ቀባው፤ ሰም በጎጃም አይጠፋም። ብረቱ ላይ የኑግ ዘይት አታቆይ፤ ሲደርቅ ይጣበቃል። ለወይራው እጀታ ግን ያው መድረቁ ይጠቅመዋል። የተልባ ዘይትም ይሆናል። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ግን ጠቅልለህ አትጣል፤ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግተህ አድርቀው።

ጥያቄ፦ የውጭ መሳያ ድንጋይ የለኝም። በምን ልሳል?

መልስ፦ መስታወት ላይ የተለጠፈ ብርጭቆ ወረቀት፣ መጀመሪያ 400 ቁጥር፣ ከዚያ 1000። ለማለስለሻ የቡና ሲኒ ቂጥ፤ ያልተቀባው ሸካራ ቀለበት ጥሩ መሳያ ነው። በመጨረሻ የቆዳ ቀበቶ ጀርባ ላይ ወደ ኋላ እየጎተትክ አስተካክለው።

ጥያቄ፦ ልጄ 12 ዓመቱ ነው፤ አብሮኝ መሥራት ይፈልጋል።

መልስ፦ ያድርግ። መጀመሪያ አቀማመጥ አስተምረው። ጭኖቹ መሃል አይቁረጥ፤ የጭን ውስጠኛው ክፍል ላይ ትልቅ የደም ሥር አለ፣ እሱ ከተቆረጠ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። ከጉልበቱ ውጭ፣ ከራሱ ወደዚያ ይላግ። እጁ በሚደርስበት ዙሪያ ሰው አይቁም። ቢላ ከእጁ ካመለጠ እንዳይቀልበው ንገረው፤ ይውደቅ። ከአባይ መውጫ አጠገብ ከሆናችሁ ደግሞ ሲመሽ ተነሱ፤ ጉማሬ ወደ ሣሩ የሚወጣው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ በዚህ ሁሉ ድካም ሞራ የሚባለውን የስዊድን ቢላ ገዝቶ መገላገል አይሻልም? ቀጥቃጭ ሠፈር መመላለስ ምን ይሠራል?

መልስ፦ ሞራ ጥሩ ቢላ ነው፤ ያለው ይጠቀምበት። ግን ሞራን ለእጅህ የሠራው ሰው የለም። እዚህ ያለውን ቀጥቃጭ “ጠርዙ እጄን ይበላኛል፣ ስለቱ ጉጥ ላይ ታጠፈ” ስትለው በሚቀጥለው ቢላ ላይ ታየዋለህ። እኔ ያየሁትን በሙሉ ሄጄ ነገርኩት፤ እንጨቱንም ይዤለት ሄድኩ። ሥራ እንዲህ ነው የሚያድገው።

ብረት ሠሪን በሥራው መስደብ በዚህ አገር ረጅም ዕድሜ አለው፤ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለውታል። ማረሻውም፣ ማጭዱም፣ መጥረቢያውም ከእነሱ እጅ ነው የመጣው። ስታሠሩ ዋጋ አታርክሱባቸው። አንድ ቢላ እሳቱ፣ ሞረዱና እጀታው ተጨምሮ ብዙ ሰዓት ይፈጃል።

ጥያቄ፦ ከተማ ውስጥ ወገቤ ላይ ልያዘው?

መልስ፦ አይሆንም። ሰገባው ውስጥ ከትተህ፣ ጠቅልለህ፣ ቦርሳህ ሥር አድርገው። ፍተሻ ካጋጠመህ ራስህ ቀድመህ ንገራቸው። ቤት ስትደርስ ደግሞ ከቆዳ ሰገባው አውጥተህ አስቀምጠው፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል።