የአባትህ ሆንዳ ሲጂ 125፦ መወልወሉ ይቆይ፣ መለካቱ ይቅደም

ጥያቄህን አነበብሁ። አባትህ ከመሥሪያ ቤት ጨረታ የገዙት ሆንዳ ሲጂ 125 ፍኖተ ሰላም ግቢያችሁ ውስጥ ለዓመታት ቆሞ ኖሯል። ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፣ ዳገት ላይ ይሰንፋል፣ የጎን ክዳኖቹም ነጭ ዱቄት አውጥተው ደብዝዘዋል። ሞተሩን ራስህ ቤት ውስጥ ፈትተህ ማደስ፣ ቪዲዮ ላይ እንዳየኸውም ክዳኑንም የሲሊንደሩንም ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት ማብረቅ ትፈልጋለህ። ከእኔ በፊት የመለሱልህ ሁሉ "መካኒክ ጋ ውሰደው" ብለው ስላለፉህ ነው እኔ ረዘም አድርጌ የምጽፈው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ እንዲህ ያሉ አሮጌ ሞተር ብስክሌቶችን ቤቴ እየፈታሁ ስለምገጥም፣ የምነግርህ በእጄ የነካሁትን ነው።

ቤት ውስጥ ይሠራል። ሲሊንደሩን ግን እንዳታብርቀው! ይህን ጉዳይ አስቀድሜ ልጨርሰው። በትክክል የተሠራ የሲሊንደር ግድግዳ ላይ ሆን ተብለው የተጫሩ፣ እርስ በርስ የሚቋረጡ ረቂቅ መስመሮች አሉ። ዘይቱን የሚይዙት እነዚያ ናቸው፤ አዲስ ፋሻም (ሲሊንደሩ ውስጥ በሚመላለሰው ፒስተን ዙሪያ ያለው የብረት ቀለበት) ጠርዙ እየተሞረደ ከግድግዳው ጋር የሚገጥመው በእነሱ ነው። ግድግዳውን ካለሰለስኸው ፋሻው ላዩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይገጥምም፣ ዘይት ወደ ላይ ያመልጣል፣ አዲስ ዕቃ የገዛህበት ሞተር እንደ ቀድሞው ያጨሳል። ውስጡ የሚያብረቀርቅ ሲሊንደር ያለቀ ሲሊንደር ነው። ቪዲዮ ላይ ያየኸው ለዓይን የተሠራ ነው፤ ያ ሞተር ዳሞት ዳገት ላይ ሁለት ሰውና አንድ ኩንታል ጤፍ ተጭኖበት አታይም።

የተሰጠህ ሞተር ደግሞ ለጀማሪ የሚመረጥ ነው። ሆንዳ ሲጂን በ1976 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ሲያወጣ ያሰበው ዘይት በሰዓቱ የማይቀየርባቸውን፣ መለዋወጫም መካኒክም እንደ ልብ የማይገኝባቸውን አገሮች ነበር። ስለዚህ ቴስታታው (ሲሊንደሩን ከላይ የሚከድነው ራስ) ውስጥ የሚዞር ካምና የካም ሰንሰለት የለውም፤ ካሙ ታች ሞተሩ ሆድ ውስጥ በጥርስ ይዞራል፣ ቫልቮቹን በሁለት ዘንግ እየገፋ ያስከፍታል። ማቀዝቀዣው አየር ነው። ሌላው ዕድልህ፣ ዛሬ በየከተማው የምታያቸው ብዙዎቹ የቻይና 125 ሞተሮች የተቀዱት ከዚሁ ሞተር ነው፤ ፒስተን፣ ፋሻ፣ ቫልቭና ጎርኒሲዮን (መጋጠሚያ ላይ የሚገባው ማሸጊያ) ባሕር ዳርም አዲስ አበባም አይጠፋም። ስትገዛ ግን "የሲጂ ነው" የሚለውን ቃል ብቻ አትመን። የሲሊንደሩ ስፋት 56.5 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምት 49.5፣ የፒስተኑ ፒን ውፍረት 15 ሚሊ ሜትር ነው። አሮጌውን ፒስተን በኪስህ ይዘህ ሂድና ከፒኑ እስከ ራሱ ያለውን ቁመት ጎን ለጎን አስተያይ። ባለ 62 ሚሊ ሜትሩ የ150 ሞተር ዕቃ ተቀላቅሎ ይሸጣል።

አንድም ዳዶ ሳትፈታ በፊት ሞተሩን ጠይቀው። ጭሱ ሲነሣ ብቻ ወይም ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለቀህ መልሰህ ስትሰጥ ቡፍ የሚል ከሆነ ዘይቱ የሚገባው በቫልቮቹ መሪ በኩል ነው። ጋዝ ስትሰጠው እየጨመረ ያለማቋረጥ የሚያጨስ ከሆነ ጥፋቱ ፋሻውና ሲሊንደሩ ዘንድ ነው። ለማረጋገጥ ካንዴላውን (እሳት የሚሰጠውን) አውጥተህ በቀዳዳው አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምርበት፣ ካንዴላውን መልሰህ ግጠምና መርገጫውን በእጅህ ግፋው። ከቀድሞው ይበልጥ ከከበደ ፋሻው አልቋል፤ ለውጥ ከሌለው ቫልቮቹን ጠርጥር። የግፊት መለኪያ ካገኘህ ደግሞ መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ላይ አልደረሰም ብለህ አትደንግጥ። እኛ የምንኖረው ከፍታ ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ደህና ሞተርም ያንኑ ያህል ዝቅ ብሎ ያነብባል።

ወደ መፍታቱ ስትገባ መጀመሪያ የሚፈትንህ የክዳኖቹ ብሎን ነው። የጃፓን ባለ መስቀል ብሎኖች ተራው ካቻቢቴ በትክክል አይገባባቸውም፤ ጫፉ ተንሸራትቶ ራሱን ይበላዋል። በመዶሻ ሲመታ የሚዞረውን ካቻቢቴ ተዋስ ወይም ግዛ። ከዋዜማው ዘልቆ የሚገባ ዘይት ረጭተህ አሳድረው። ማግኔቱን (ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ተሽከርካሪ) ለማውጣት የራሱ መሳቢያ አለ፤ በመዶሻ ጠርዙን የሚነርቱ ሰዎች አይቻለሁ፣ ማግኔቱንም የኮሎውንም (ፒስተኑ የሚያዞረው ዋና ዘንግ) ጫፍ ያበላሹታል። መሳቢያው ውድ አይደለም። የፍሪሲዮኑን (የክላቹን) እና የዘይት ማጣሪያውን ባለ አራት ጥርስ ዳዶ የሚፈታውን ቁልፍ ግን ቶርኖ ቤት ከወፍራም ቧንቧ ያወጡልሃል።

የወጣውን ዕቃ ሁሉ እንደየቦታው በየካርቶኑ አስቀምጥ፣ ሁለቱን የቫልቭ ዘንጎች እንኳ የቱ የአየር ማስገቢያው፣ የቱ የጭሱ እንደሆነ ጻፍበት። ክረምት ከሆነ የተፈታ ሲሊንደር ሳትቀባ አታሳድር። የእኛ የሐምሌ እርጥበት በአንድ ሌሊት ዝገት ያበቅልበታል።

አሁን ጉዳዩ ወደሚወሰንበት ቦታ ደረስን። ሲሊንደሩን አውጥተህ ጥረግና አውራ ጣትህን ከመካከል ወደ ላይ ጎትት። ጥፍርህ ከላይኛው ጠርዝ ጥቂት ዝቅ ብሎ ደረጃ ላይ ከተያዘ፣ ያ ፋሻው ለዓመታት እየተመላለሰ የቆፈረው ነው። ቀጥለህ አንዱን ፋሻ ከፒስተኑ ላይ አውልቅና ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገባው። በእጅህ ካስተካከልኸው ያጋድላል፤ የፒስተኑን ራስ ገልብጠህ በእሱ ግፋው፣ ያኔ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ከዚያ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለውን ክፍተት ስስ የብረት ቅጠሎች ባሉት መለኪያ ለካ። በደህና ሞተር ከ0.15 እስከ 0.35 ሚሊ ሜትር ነው፤ 0.5 ካለፈ ፋሻው አብቅቶለታል። ይህንኑ ሲሊንደሩ አናት አጠገብም፣ ታች ፒስተኑ በማይደርስበት ቦታም ለካ። ሁለቱ ቁጥሮች በጣም ከተራራቁ ያለቀው ፋሻው ብቻ አይደለም፣ ሲሊንደሩም ሰፍቷል፤ አዲስ ፋሻ ብቻ ቀይሮ መግጠም ገንዘብህን መጣል ነው። በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ክፍተት 0.1 ሚሊ ሜትር ከደረሰ መስፋት አለበት።

ሲሊንደር ማስፋት የቤት ሥራ አይደለም። ፒስተኑ ባለ 0.25፣ 0.50፣ 0.75 እና 1.00 ተጨማሪ ልክ ይመጣል። መጀመሪያ ፒስተኑን ግዛ፣ ከዚያ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን አንድ ላይ ይዘህ ሲሊንደር ወደሚያሰፋው ቶርኖ ቤት ሂድ። ባለሙያው ማስፋት ያለበት በእጁ በያዘው ፒስተን ልክ ነው እንጂ በልማድ አይደለም። "ፒስተኑን በኋላ አምጣው" ካለህ አመስግነህ ውጣ። መጨረሻ ላይ የሚቋረጡትን መስመሮች በድንጋይ እንዲያወጣልህ ንገረው። ቤት ስትመልሰው በቤንዚን አጥቤዋለሁ ብለህ አትገላገል፤ የድንጋዩ ብናኝ መስመሮቹ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። በሙቅ ውኃና በሳሙና፣ በብሩሽ እጠበው። አድርቀህ ዘይት በነካ ነጭ የነጠላ ቁራጭ ጥረገው። ጨርቁ ግራጫ ሆኖ ከወጣ ድገመው፣ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ። ከዚያ ወዲያው ዘይት ቀባው።

ኮሎውን በሚመለከት፣ ቢዬላውን (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘውን ክንድ) ይዘህ ወደ ላይና ወደ ታች ሳበው። ወደ ጎን ጥቂት መንቀሳቀሱ የተፈጥሮው ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ኳ ካለ ግን ውስጡ ያለው ኩሽኔታ አልቋል። የዚህ ሞተር ኮሎ በኃይል ተጭኖ የተገጠመ ስለሆነ ፕሬስና ማቃኛ ይፈልጋል። ለዚያ እውነተኛ ባለሙያ ፈልግ። ኳ የማይል ከሆነ ሆዱን ለሁለት አትክፈለው፤ ደህና ቤት አፍርሶ መሥራት ምን ይሉታል?

ቴስታታው ላይ ቫልቮቹን በማሞረጃ ቅባት እያሽከረከርህ ከመቀመጫቸው ጋር አስማማቸው። ዙሪያውን ያልተቋረጠ፣ ግራጫ፣ ቀጭን ቀለበት ሲታይህ በቃ። ገጥመህ ቴስታታውን ገልብጥና በአየር ማስገቢያውና በጭስ መውጫው በኩል ላምባ ሙላበት፤ ወደ ቫልቩ ፊት የሚያንጠባጥብ ከሆነ ገና ነው። ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ በቀኝ በኩል ኮሎው ጫፍ ላይ የሚሽከረከረው የዘይት ማጣሪያ ነው። የመሥሪያ ቤት ሞተር ከሆነ ውስጡ እንደ ጭቃ የደደረ ጥቁር ዝቃጭ ታገኛለህ። ጠርገህ አውጣው፣ የታችኛውንም ወንፊት እጠብ።

ወደ ምትወደው ነገር እንምጣ። የምትወለውለው ክዳኖቹን ነው፤ ከሞተሩ ላይ ወልቀው፣ ጎርኒሲዮን የሚቀመጥበት ፊታቸው ሳይነካ። አሸዋ የሚረጭ ማሽን አለኝ የሚል ወዳጅ ቢመጣ እሺ አትበል። አንዲት ፍሬ አሸዋ የዘይት መንገድ ውስጥ ከቀረች አዲሱን ኩሽኔታ ትበላዋለች። በረኪናና ኮስቲክ ሶዳም አሉሚኒየምን ይበላሉ። ከላይ ያለውን አሮጌ ቫርኒሽ በቀለም ማስለቀቂያ አንሣ። ከዚያ የብርጭቆ ወረቀቱን እያረጠብህ ከ240 ጀምር፤ 400፣ 600፣ 800፣ 1000 እያልህ ውጣ። በየደረጃው አቅጣጫህን ለውጥ፤ የቀደመው ወረቀት ጭረት ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ወደሚቀጥለው አትለፍ። እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው ክዳኑ በጥላ ሲታይ ያምራል፣ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ጭረቱ ሁሉ ይቆጠራል። በመጨረሻ ድሪል ላይ በሚታሰር የጨርቅ መወልወያ ከነማለስለሻ ቅባቱ ወልውል። መወልወያው ጠርዝ ላይ ሲያዝ ክዳኑን ከእጅህ ነጥቆ ይወረውረዋል፤ ስለዚህ ጠርዝ ላይ ሁልጊዜ ወደ ውጭ የሚዞረውን ጎኑን አስጠጋ። አፍና አፍንጫህን ሸፍን። መብራት ቢጠፋም አትዘን፣ በእጅ በጨርቅ የሚጨርሱ አሉ፣ ክንድ ይጠይቃል እንጂ ያምራል። የሲሊንደሩን ክንፎች ግን በቀለም አትለስናቸው፤ አየር የሚያቀዘቅዛቸው ገላቸው ሲጋለጥ ነው፣ ጭቃውን ማስለቀቅ ይበቃል። ስትጨርስ ክዳኖቹን እንደ ሲሊንደሩ በሳሙና እጠብ፤ ቅባቱ ራሱ የሚሞርድ ነገር ነው።

መግጠሙ የመፍታቱ ግልባጭ ነው። የፋሻዎቹ ጽሑፍ ያለበት ፊት ወደ ላይ፣ ክፍተቶቻቸው በሦስት አቅጣጫ ተራርቀው። ሲሊኮን በጎርኒሲዮን ፋንታ አታድርግ፤ ወደ ውስጥ የተረፈው ተቆርጦ ወንፊቱን ይደፍነዋል። የቴስታታውን ዳዶዎች በሰያፍ እያፈራረቅህ፣ በሁለት ሦስት ዙር አጥብቅ። የቫልቮቹ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ማግኔቱ ላይ ያለው ቲ ፊደል ከምልክቱ ጋር ገጥሞና ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው፣ 0.08 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ ፑንቲና (የካንዴላውን እሳት የሚያስነሣ፣ የሚከፈትና የሚዘጋ መገናኛ) ከሆነ እሱን ከ0.3 እስከ 0.4 አድርግ።

ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ካንዴላው ጠቁሮ ቢወጣ ወዲያው "ፋሻው አልያዘም" አትበል። በእኛ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ካርቡራተሩ ነዳጁን ያበዛዋል፤ የነዳጁን ማስተላለፊያ ቀዳዳ በአንድ ቁጥር ማሳነስ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት የቤንዚን ነው፣ የሚያጣብቅ እርጥብ ጥቁር የዘይት ነው።

አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ እንደማይጋገርበት ሁሉ አዲስ ፋሻም ሮዳጅ (እስኪላመድ በጥንቃቄ መንዳት) ይፈልጋል። ሮዳጅ ማለት ግን ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይሰጡት) ግቢ ውስጥ ሲያጉረመርም ማዋል አይደለም፤ ያ ግድግዳውን ያለሰልሰዋል እንጂ ፋሻውን አያስይዘውም። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ያለውን መንገድ ያዝ፣ ፍጥነትህን እያፈራረቅህ፣ መካከለኛ ጭነት እየሰጠኸው፣ ሳታስጨንቀው ንዳ። የመጀመሪያውን ዘይት ቶሎ ቀይር፣ አንድ ሊትር ያህል ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የቫልቭ ክፍተቱን ዳግመኛ እይ። 500 ኪሎ ሜትር እስኪሞላ ደጀን ወርደህ ዓባይ በረሃ እንዳትገባ፤ ከድልድዩ ወደ ላይ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወጣውን ያን ዳገት በሙቀት ውስጥ አዲስ ፒስተን አይችለውም፣ ይጣበቃል።

ስትፈታው የፒስተኑን ራስ ጥረገውና እይ። 0.25 ወይም 0.50 የሚል ቁጥር ከተቀረጸበት ሲሊንደሩ ከዚህ በፊት ሰፍቷል ማለት ነው። ያንን ቁጥርና ላይና ታች የለካኸውን የፋሻ ክፍተት እዚሁ ጻፍልኝ፤ የቱን ፒስተን እንደምትገዛ ከዚያ ተነሥተን እንወስናለን።