ከጣውላው ሥር የሚወጣው ብርድ

አንዲት እህት ከሰሜን ለንደን ጽፋልኛለች። አምና የገዙት ቤት ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ፣ በቪክቶሪያ ዘመን የተሠራ የጡብ ቤት ነው። ወለሉ ጣውላ ነው። «ማሞቂያው ቀኑን ሙሉ እየሠራ እግሬ በረዶ ነው። ልጆቹም ወለል ላይ መጫወት ትተዋል። ባለቤቴ ከውጭ በግድግዳው ግርጌ ያሉትን ቀዳዳ ቀዳዳ ጡቦች በፕላስቲክ ልድፈናቸው እያለ ነው። ጋሼ፣ ይድፈን ወይስ ይተው?» ትላለች።

እህቴ፣ ቶሎ አስቁሚው! ቤቱ የሚተነፍሰው በእነዚያ ቀዳዳዎች ነው። ከጣውላችሁ ሥር ባዶ ቦታ አለ፤ ከመሬቱ ደግሞ እርጥበት ይነሳል። ንፋሱ ከቤቱ ፊት ለፊት ገብቶ በጓሮ ሲወጣ እርጥበቱን ይዞት ይሄዳል። ከተደፈነ እንጨቱ ላይ ይተኛል። የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ከቆየ ብስባሴ ይጀምረዋል። አንድ ጊዜ እንዲህ የተደፈነ ቤት ገብቼ ጣውላ አነሳሁ። ጣውላውን ከሥር የተሸከመው ሞራሌ ግድግዳው ውስጥ የሚገባበትን ጫፍ በካቻቢቴ ወጋ ባደርገው፣ እንደ ድፎ ዳቦ እስከ እጀታው ዋጠው። ላዩ ግን በቫርኒሽ የሚያብረቀርቅ ወለል ነበር።

ስለዚህ ንፋሱ ከሥር እንደ ልቡ ይንፈስ። እኛ የምንከለክለው ወደ ሳሎን እንዳይወጣ ነው።

መጀመሪያ መውጫውን ፈልጊ። ንፋስ ያለበት ቀን መስኮቱን ዘጋግተሽ ዕጣን ለኩሺ። የቡናው ዕጣን አይሆንም፤ ፍም ይዞ ወለል ለወለል መዞር አደጋ ነው። ባለ ስንጥሩን ግዢ። በዞኮሎው፣ ማለትም በግድግዳው ግርጌ ዙሪያውን በተመታው እንጨት፣ ሥር ቀስ እያልሽ አዙሪው። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ደህና ነው፤ ተጣሞ ወደ ክፍሉ ከተገፋ እዚያ ጋ በእርሳስ ምልክት አድርጊ። ሰው ሁሉ የሚያየው በጣውላዎቹ መካከል ያለውን ስንጥቅ ነው። እኔ ባየኋቸው ቤቶች ግን የባሰው ዞኮሎውና ወለሉ የሚገናኙበት ቦታ፣ ቀጥሎም የማሞቂያው ቧንቧ የሚወጣበት ቀዳዳ ነው።

የዞኮሎውን ሥር ቀለም በሚቀበል የስንጥቅ መሙያ ድፈኚ። ሲልከን ቀለም አይዝም፣ በኋላ ታዝኚበታለሽ። በጣውላዎቹ መካከል ሰጋቱራ በኮላ ለውሰው የሚሞሉ አሉ። ለጠባብ ስንጥቅ ምንም አይልም። ሰፊው ላይ ግን እንጨቱ ደርቆ ሲሰበሰብ ተሰነጣጥቆ ይወድቃል። ለሰፊው ቀጭን የእንጨት ስንጥር በአንድ ጎኑ ብቻ ኮላ ቀብተሽ መትተሽ አስገቢ። በሁለቱም ጎን ከተጣበቀ ጣውላው ሲላወስ ይገነጥለዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሳሎን ውስጥ የጋዝ እሳት ካለ፣ ምንም ከመድፈንሽ በፊት በጋዝ ሴፍ፣ ማለትም በእንግሊዝ የጋዝ ሠራተኞች መዝገብ፣ የተመዘገበ ባለሙያ ይየው። እሳቱ አየር ካጠረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመጣል፤ እሱ ደግሞ ሽታ የለውም።

ስንጥቁን መድፈኑ ብቻ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። አቅም ሲገኝ ደግሞ ጣውላው ይነሳና በሞራሌዎቹ መካከል የሙቀት መከላከያ ይገባል። ከማንሳታችሁ በፊት እያንዳንዱን ጣውላ በጠመኔ ቁጥር ስጡት። ሞራሌዎቹ ላይ መረብ ተዘርግቶ እንደ አልጋ ይረግባል፤ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የማዕድን ሱፍ (ከድንጋይ ወይም ከመስታወት የተፈተለ የሙቀት መከላከያ) ክፍተት ሳይተው ይተኛበታል። ከሥሩ ፕላስቲክ እንዳታነጥፉ፤ እርጥበት ይዞ ይቀራል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ሱፉ ውስጥ ከተቀበረ ይግላልና ኤሌክትሪሺያን ሳያየው አትሸፍኑት። ከሥር የሚቀሩትን የውሃ ቧንቧዎችም አልብሷቸው፤ ከእንግዲህ የቤቱ ሙቀት አይደርሳቸውም።

ባለቤትሽ ሥራ ካማረው ቀዳዳዎቹን ይጥረግልሽ። ብዙ ጊዜ ሸረሪት ድርና የአበባ አፈር ይዘጋቸዋል። ጣውላው የተነሳ ዕለት ደግሞ የሞራሌዎቹን ጫፍ በስልክሽ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ።