ከቁልቢ እስከ ጥምቀት፤ የበዓል ሰሞን ጥያቄዎቻችሁ

ከታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል እስከ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ድሬ አትተኛም። እንግዳ ይመጣል፣ በግ ይጮኻል፣ ሽንኩርት ይከተፋል፤ የኔም ስልክ በጥያቄ ይጨናነቃል። ከሃያ ዓመት በላይ በመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ስለቆምኩ በዓል ሲያልፍ ማን ምን ሊገዛ እንደሚመጣ አውቃለሁ። በማግስቱ የጨጓራ ሽሮፕ፣ በሦስተኛው ቀን የተቅማጥ፣ ከሳምንት ከዐሥር ቀን በኋላ ደግሞ የትኩሳት። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ከአንዱ ላይ ስድብም ቀንሻለሁ። ለድሬ ልጆች እንደ ልማዳችን አንተና አንቺ እያልኩ ነው የምመልሰው።

ጥያቄ፦ ሥጋ በልቶ አምቦ ውሃ መጠጣት ስቡን ያቃጥለዋል ይባላል። እውነት ነው? (ከገንደ ቆሬ)

መልስ፦ አያቃጥልም። ያስገሳል፤ ሰው ደግሞ ሲያገሳ የቀለለው ይመስለዋል።

ጥያቄ፦ የከዚራዋ አንባቢ 43ቱን ቀን በሥርዓት ጾማ፣ ገና ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ዶሮ ወጥ በላች፣ ረፋዱ ላይ ጎረቤት ክትፎ ጋበዛት፣ ማታ ቁርጥ መጣ። ሌሊቱን ሆዷን ይዛ አደረች። "ጨጓራ ነው ወይስ ዐይን በልቶኝ ነው?" ትላለች።

መልስ፦ ዐይኑን ተዪው፤ የበላሽው አንቺ ነሽ። ሽሮና ጎመን የለመደ ሆድ ላይ በአንድ ቀን ያን ሁሉ ቅቤና ሥጋ ከመረግሽበት ማጉረምረሙ ያንሰዋል። የዘንድሮውን በትንሹ ጀምሪ፤ ዶሮው ይበቃል፣ ክትፎው ለማግስቱ ይቆይ። ጎረቤት ቢቀየም በጥምቀት ይታረቃል።

ሁለት ነገር ግን አስምሪበት። ስብ ሲገባ የሐሞት ከረጢት ይጨመቃል፤ ውስጡ ጠጠር ያለበት ሰው በቀኝ ጎድኑ ሥር ይይዘውና ወደ ትከሻው ይወጣል። እንዲህ ያለ ሕመም ለሰዓታት ካልለቀቀሽ ሽሮፕ ፍለጋ ወደኔ አትምጪ፣ ሆስፒታል ሂጂ። ሁለተኛው፣ ከጠጅ በኋላ ለራስ ምታት ብለሽ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን አትዋጪ፤ የተቆጣ ጨጓራን ያደማል። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ደም ነው፣ የዚያኑ ቀን መታየት አለበት።

ጥያቄ፦ ቁርጥ በዳጣና በአረቄ ከተበላ ኮሶ አይዝም ይላሉ ጓደኞቼ። አንቺ ራስሽ ጥሬ ሥጋ ትበያለሽ? (ከሳቢያን)

መልስ፦ ዳጣው የሚያቃጥለው ያንተን ምላስ ነው። ትሉ በበሬው ሥጋ ውስጥ በከረጢት ተጠቅልሎ ነው የሚገባው፤ ሚጥሚጣም አረቄም አይደርስበትም። የሚገድለው እሳት ነው፣ ወይም ለብዙ ቀን ጠንክሮ መቀዝቀዝ። ሥጋ ቤቱ "ፍሪጅ ያደረ ነው" ያለህ እንደሆነ፣ ማደር ሌላ በበረዶ መድረቅ ሌላ ነው። ከዚያ ትሉ አንጀትህ ውስጥ እስኪያድግ ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል፤ ለገና የበላኸው ለፋሲካ ይታይሃል ማለት ነው። ሰውም ታዲያ "በጾም ምን በላሁና?" ይላል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ ሰገራህን ተመርምረህ፣ በትእዛዝ ውሰደው።

ሁለተኛውን ጥያቄህን ዘልዬዋለሁ።

ጥያቄ፦ ቁልቢ ለማደር ቤት ተከራይተናል፤ ሌሊቱ ስለሚበርድ ከሰል ይዘን እንሄዳለን። ልጆች ስላሉ ምን እንጠንቀቅ? (ከአዲስ ከተማ)

መልስ፦ ከሰሉን። ድሬ ወደ 1200 ሜትር፣ ቁልቢ ደግሞ ከ2000 ሜትር በላይ ናት፤ ደንገጎን ስትወጡ ብርዱ እንደሚቀበላችሁ አውቃለሁ። ቢሆንም ፍም ያለበት ምድጃ ዘግታችሁ በምትተኙበት ክፍል እንዳይገባ። ጭሱ አልቆ ፍሙ ቀይ ሲሆን ሰው "አሁን ጸድቷል" ብሎ ያስገባዋል። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፤ መጀመሪያ ራስ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ የተኛ ሰው ደግሞ ይህም አይሰማውም። ብርድ ልብስ ጨምሩ፣ ልጆቹን መሐል አስተኙ፣ ቡናውን ደጅ አፍሉ።

ጥያቄ፦ እናቴ የደም ግፊት አለባት። ዘንድሮ ስለቷ ደርሶ ቁልቢ ልትሄድ ነው። "ለገብርኤል ሰጥቼዋለሁ" ብላ ክኒኗን ከሳምንት በፊት አቁማለች። ብነግራት ትቆጣኛለች። (ከለገሃር)

መልስ፦ ትቆጣሽ። ዛሬ ንገሪያት፣ ነገ አይደለም።

የግፊት ክኒን ሲቋረጥ ግፊቱ ድምፅ ሳያሰማ ይወጣል። ባንኮኒው ላይ ሆኜ ያየሁት ነው፤ በበዓል ሰሞን ክኒን ሊወስዱ ሳይመጡ የቀሩ ሰዎች ከበዓል በኋላ ልጆቻቸው ይመጣሉ፣ ግማሽ አካሉ ለታመመ ሰው የሚሆን ነገር ሊጠይቁ። እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉት ደግሞ በአንድ ጊዜ ከተቆረጡ ልብ ላይ ይበረታሉ። እናትሽ የምትወስደው የትኛውን እንደሆነ ካርዷን አይተሽ ሐኪሟ ዘንድ ይዘሻት ሂጂ፤ ግፊቷ ሳይለካ አውቶቡስ ላይ እንዳትሳፈር። ይህን ለደንቡ ያህል አይደለም የምለው።

በሃይማኖቱ በኩል ከመጣችብሽ፣ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን በአደባባይ ተናግረዋል። የነፍስ አባቷን ብትጠይቂያቸው የሚነግሩሽ ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። ስለቷ ለገብርኤል ነው፤ ገብርኤል ደግሞ ጥላ ይዘሽ ነይ አለ እንጂ ክኒንሽን ጥለሽ ነይ አላለም። ክኒኑ በእጅ ቦርሳዋ ይሁን፣ ከጓዙ ጋር አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አይጫን።

ጥያቄ፦ ሙስሊም ነኝ፣ ስኳር አለብኝ። ገና የጎረቤቶቼ ነው፤ እኔ ጠጅ ስለማልጠጣ ብርዝ ይቀዱልኛል። "ማር የተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳሽም" ይሉኛል። (ከመጋላ)

መልስ፦ ማር ስኳር ነው፤ ንቧ ሐኪም አላማከረችም። ግማሽ ብርጭቆ ለወዳጅነት ቅመሺ፣ ድፎውንም ቁራሽ፣ ወጡ ላይ በርቺ። ክኒንሽን "ዛሬ ብዙ ስለምበላ" ብለሽ አትጨምሪ፣ "ዛሬ በዓል ነው" ብለሽም አትተዪ። አንቺም በተራሽ የምትልኪላቸውን ሙሸበክና ሐልዋ እያሸግሽ አትቅመሺ። የቀረውን ሐኪምሽን አማክሪ፤ ያው ታውቂዋለሽ።

ጥያቄ፦ ይህኛው ከአዲስ አበባ ነው፣ ስለዚህ እርስዎ እላለሁ። አምና ለቁልቢ መጥተው ድሬ ዘመድ ቤት ለሳምንት ሰነበቱ። አዲስ አበባ በተመለሱ በዐሥረኛው ቀን ብርድ ብርድ አላቸው፣ አተኮሳቸው፣ ወገባቸውን ቆረጣቸው። አንድ ክሊኒክ ደም አይቶ "ታይፎይድና ታይፈስ" ብሎ መርፌ ሰጣቸው። በስድስተኛው ቀን ሌላ ቦታ ሲታዩ ወባ ሆኖ ተገኘ። "በበጋ ወባ ከየት መጣ? ዘንድሮስ ልምጣ ወይስ ልቅር?" ይላሉ።

መልስ፦ ይምጡ። ቅር የሚለኝ በእርስዎ ሳይሆን በእኛ በባለቤቶቹ ነው።

የድሮ ዕውቀታችን ትክክል ነበር። ወባ ክረምት ሲወጣ ይመጣል፣ ኩሬው ሲደርቅ ይሄዳል፤ በታኅሣሥ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ብቻ ሲሆን እኛም አጎበር አጥፈን እናስቀምጣለን። አሁን ግን ኩሬ የማትፈልግ ትንኝ መጥታለች። ስሟ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ነው፤ አገሯ እስያ። እንደ ብዙ ዕቃችን በአፍሪካ ቀድማ የታየችው ጅቡቲ ነው፣ በ2012 እ.ኤ.አ.። በእኛ አገር በ2009 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል፣ ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። የምትፈለፈለው ንጹሕ ውሃ ባለበት ዕቃ ውስጥ ነው፤ በርሜል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ገንዳ። ለእሷ ዝናብ ሰው የሚቀዳው ውሃ ነው። በ2014 ዓ.ም. በበጋው ወራት ድሬ ላይ ወባ ሲበረታ ተመራማሪዎች ያጠኑት ወረርሽኙን ከዚህችው ትንኝ ጋር አያያዙት።

በርሜሉ ደግሞ ሌላ ተከራይም አለው። በቀን የምትነክሰው፣ እግሯ ነጭ ጥለት ያለው ትንኝ የምታድገው እዚያው ነው። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ የደንጊ ትኩሳት፣ በ2011 ክረምት ማብቂያ ላይ ቺኩንጉንያ ይህን ከተማ ያንበረከኩት በእሷ ነው። ያኔ መገጣጠሚያው ታስሮ እንደ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ ባንኮኒዬን የተደገፈው የሃያ ዓመት ወጣት ዛሬም ከዐይኔ አይጠፋም። የድሬ ሰው ቀትር ላይ ሸሚዙን አውልቆ ይተኛል፤ አጎበሩ የሚወርደው ግን ማታ ነው። ትንኟ ይህን የምታውቅ ይመስለኛል።

እንግዲህ የበዓል ዝግጅታችንን ተመልከቱት። ቤት ይቀባል፣ መጋረጃ ይታጠባል፣ ቄጠማ ይጎዘጎዛል። ውሃው በፈረቃ ነውና እንግዳ ሳይመጣ ያለው በርሜል ሁሉ ይሞላል፣ ጀሪካኑ፣ ሳፋው ሳይቀር። የበርሜሉ ክዳን ደግሞ ለዚያ ሰሞን ሊጡን ሊከድን ይሄዳል። ውስጡን ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው የለም። ቢያዩት ውሃው ላይ እየተገለባበጡ የሚወርዱ የሚወጡ ቀጫጭን ትሎች ያያሉ፤ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ክንፍ አውጥተው እንግዳውን ይጠብቁታል።

ባለፈው ዓመት "በየሳምንቱ ድፉና ፈግፍጉ" ብዬ ስጽፍ አንዷ አንባቢ "ውሃ በሌለበት ድፉ የምትይ አንቺ ምንጭ ላይ ነው የምትኖሪው?" አለችኝ። ልክ ናት። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፤ ከአንዱ በርሜል ብቻ እየቀዳችሁ ጨርሱት፣ ባዶ ሲሆን ግድግዳውን በብሩሽና በበረኪና ፈግፍጉት፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፉ። መፈግፈጉ የግድ ነው፤ የቀን ትንኟ እንቁላል ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ደረቅ ሆኖ ለወራት ይቆያል፣ ውሃ ሲነካው ይነቃል። ያልተራው በርሜል በአሮጌ አጎበር ወይም በወፍራም ጨርቅ ተሸፍኖ በጎማ ይታሰር። ሊጡን ሌላ ነገር ይክደነው።

እርስዎ ደግሞ፣ የሚያድሩበት አልጋ አጎበር ከሌለው ይጠይቁ፣ ነውር አይደለም። ቀትርም ሲተኙ ይውረድልዎ። ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት ከጀመረዎ ለሐኪሙ የመጀመሪያ ቃልዎ "ድሬዳዋ ነበርኩ" ይሁን። አዲስ አበባ ወባ ስለማትፈለፍል ባለሙያው ካልነገሩት ላያስበው ይችላል፤ አንድ ጊዜ ብቻ በሚታይ የታይፎይድ የደም ምርመራ ደግሞ ስንቱ ጤነኛ ሰው ታይፎይድ ተብሎ ሄዷል። የወባ ምርመራ ይጠይቁ፤ "የለም" ተብለው ትኩሳቱ ከቀጠለ በማግስቱ ይድገሙት። አንደኛው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ይነሣልና ለፋሲካ ቢያተኩስዎም ድሬን አይርሱ።

ምንነቱ እስኪታወቅ ድረስ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ብቻ። "አንድ ዲክሎፌናክ ውጉኝ" የሚለውን ልማድ ይተዉት። ደንጊ ከሆነ ዲክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም አስፕሪንም መድማትን ያብሳሉ። ደንጊ አታላይ ነው፤ ትኩሳቱ ሲወርድ ሰው ዳንኩ ብሎ ሥራ ይገባል፣ አደጋው ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ያኔ ነው፣ ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው። ሆድ አጥብቆ ካመመ፣ ማስመለስ አልቆም ካለ፣ ድድ ወይም አፍንጫ ከደማ፣ ሰውነት ከዛለ፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ካተኮሳቸው ምልክት አይጠበቅም፣ የዚያኑ ቀን ይታዩ። እኔ መድኃኒት ቤት ነኝ፤ ባንኮኒ ላይ ትኩሳት አይታወቅም፣ ሊያውቅልዎ የሚሞክር ካለም አይመኑት፤ እኔም ብሆን።

ጥያቄ፦ ነጭ ሽንኩርት አብዝቶ መብላት ቢንቢ ያባርራል?

መልስ፦ ሰው ያባርራል።

ጥያቄ፦ አማቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ ዶሮ ወጡን ምድጃው ላይ ሦስት ቀን አሳደረችው። "እኛ አገር ሳምንት ይቆያል" ትላለች። ልጣላት? (ከሳቢያን)

መልስ፦ አትጣያት፤ እሷ አገር ብርዱ ራሱ ፍሪጅ ነው፣ ድሬ ግን ወጥሽን እንደ እርሾ ታፈላዋለች። ከሁለት ሰዓት በላይ ደጅ አይቆይ። በትንንሽ ዕቃ ከፋፍለሽ ፍሪጅ አስገቢ፣ ለመብላት ስታወጪ የምትበሉትን ብቻ አውጥተሽ እስኪንተከተክ አፍይው፤ ለብ ማድረግ አይበቃም። መብራት ሄዶ ካደረ ፍሪጁም ቁም ሣጥን ነው። የሦስት ቀኑን ድፊው፣ እሷ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ። ለውሻው እሰጠዋለሁ ካልሽም ተዪው፤ የዶሮ አጥንት ጉሮሮው ላይ ይሰነቀርበታል።